የሚነክሰው በር

እኔ ያደግኩት በሩ በሚነክስ ቤት ውስጥ ነው። ይህን ስናገር የክፍሌ ልጆች ይስቃሉ፤ አንዷማ «ጥርስ አለው?» ብላ ጠይቃኛለች። ጥርስ የለውም። ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ከታች በኩል ዝገት የጀመረው ተራ የብረት በር ነው። መርሳ ከተማ ውስጥ እንደሱ ያለ በር ስንትና ስንት አለ። ግን ይነክስ ነበር።

ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት ዝናብ እየጣለ ሳለ የሞባይል ቻርጀሬ ሶኬቱ ላይ እንዳለ ጨሰ። ሮጬ ነቀልኩት። ከዚያ መስኮቱን እንደመክፈት ቆሜ አሸተትኩ። የተቃጠለ ላስቲክ፣ ከሥሩ የሞቀ አቧራ፣ ከውጭ ደግሞ የረጠበ አፈር። ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነኝ፤ አራተኛ ክፍል ነኝ፤ የአባባ ቤት ኮርኒስ ወርዶ ግቢው ውስጥ ተዘርግቷል፤ የመብራት ባለሙያዋ መዲና ጣሪያው ሥር ሆና «መብራቱን አንሺልኝ፣ አንቺ ልጅ!» ትላለች።

አባባ የእናቴ አባት አቶ ሞላ ናቸው። ጉልበታቸው እስኪደክም ድረስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ኤንትሬ የሚባለውን፣ ገና ከሩቅ ሲመጣ መንደር የሚሰማውን መኪና እየነዱ ከአሰብ ወደብ ዕቃ ሲያመላልሱ ኖረዋል። በዚያ ዘመን ሾፌር ማለት መካኒክም ነው። በረሃ መሀል ቢቆም ማን ይደርስለታል? ስለዚህ መኪና ላይ ያለ ነገር ሁሉ በአባባ እጅ አልፏል፤ ሞተሩም፣ ፍሬኑም፣ መብራቱም።

ሰፈራችን መብራት ሲገባ እኔ አልተወለድኩም፤ ታሪኩን ግን በቃሌ አውቀዋለሁ። ምሰሶውን አቆሙ፣ ቆጣሪውን ሰቀሉ፣ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የባለቤቱ ጉዳይ ነው ተባለ። ጎረቤቱ ሁሉ ባለሙያ ፍለጋ ወልድያ ሲሄድ አባባ ወደ ጓሮ ሄዱ። እዚያ የሞተ ኤንትሬ ነበራቸው። ሽቦውን ከሆዱ ጎልጉለው አወጡና ቤታቸውን ራሳቸው አበሩ። «በዚህ ሰፈር የመጀመሪያዋ አምፖል የኔ ናት» ይላሉ። ማንም አይክዳቸውም። ጎረቤታችን ሐጂ ሰይድ እንኳ፣ በሁሉም ነገር ከአባባ ጋር የሚከራከሩት ሰውዬ፣ በዚህ ነገር ዝም ይላሉ።

እኔ ሽቦዎቹን እወዳቸው ነበር። የሌላ ሰው ቤት ሽቦ ነጭ ነው፤ የኛ ቀይ፣ ቢጫ፣ ቡናማ፣ ጥቁር መስመር ያለው አረንጓዴ። በምስማር ተይዘው ግድግዳው ላይ እንደ ሐረግ ይሳባሉ። የተቀጠሉበት ቦታ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሎ ያበጠ ጉልበት ይመስላል። ታምሜ በተኛሁ ጊዜ በዓይኔ እከተላቸዋለሁ፤ ከአምፖሉ ጀምሬ፣ በመስኮቱ በላይ፣ እስከ እማዬ ሱቅ። እማዬ የፊተኛውን ክፍል ሱቅ አድርጋ ሳሙናና ዘይት ትሸጥበታለች።

በሩ የሚነክሰው ዝናብ ሲዘንብና መብራት ሲበራ ነው። እኛ የቤቱ ሰዎች ሕጉን እናውቃለን። መጀመሪያ መብራቱን አጥፊ። ካልሆነም ከበሩ አጠገብ የቆመ የእንጨት ዱላ አለ፤ በሱ ግፊው። ስለዚህ እኛን ነክሶን አያውቅም። የሚነክሰው እንግዳ ነው። ወተት የምታመጣውን ሴት ነክሷል። ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውንም ሰውዬ ነክሷል፤ እሱ ግን እጁን እያራገፈ «እናንተ ቤት ደግሞ ምን አለ?» ብሎ ስቆ ሄደ።

ከዚህ ተነሥቼ የደረስኩበት ነገር ግልጽ ነበር፤ በሩ ሰው ያውቃል። ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን ቤታችንን የሚጠብቅልንን እንስሳ ጽፈን እንድንመጣ አዘዘችን። ሌሎቹ ውሻ ጻፉ። እኔ «ውሻ የለንም፣ በር አለን» ብዬ ጻፍኩ። ኤክስ አደረገችብኝ። ቤት መጥታ ብትነካው ኖሮ ኤክሱን ታነሣልኝ ነበር ብዬ ለብዙ ጊዜ ተቀይሜያታለሁ።

ከዚያ መብራት ጠፋ። እንደወትሮው ለአንድ ቀን ወይም ለአንድ ሳምንት አይደለም፤ ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ መጥቶ እስኪያልፍ፣ ካለፈም በኋላ፣ ለወራት። በሩ መንከሱን ተወ። ዱላው ማገዶ ሆነ። ዝናብም ቢሆን ሰው በሩን እንደልቡ ይከፍታል፣ ይዘጋል። የአክስቴ የሰናይት ባል ሙሉጌታ ከወልድያ በመጣ ቁጥር መቃኑን ተደግፎ ነው የሚያወራው። እኔ በሩ ሰውን ሁሉ የለመደ መሰለኝ። ጥሩ ሆነ አልኩ፤ ምክንያቱም ሙሉጌታ የቤታችን ሰው ከሆነ ቆይቷል፣ በሩ ብቻ ነበር የቀረው።

በዚያው ወራት ሰናይት አረገዘች። የመጀመሪያዋ ነው። በኛ ዘንድ የመጀመሪያ ልጅ ሲሆን ሴቷ ወደ ወላጆቿ ቤት ትመጣለች፤ አራስነቷም እዚያው ነው። አያቴ እኔ ሳልወለድ ነው የሞተችው፤ እና አባባ የእናትም የአባትም ሥራ ያዙ። የጓዳውን ክፍል ራሳቸው ለቀለቁት። የመርሳ ሙቀት አራስ እንዳያስጨንቅ ብለው መስኮቱን አሰፉት። ማር አስመጡ። አልጋውን አንዴ በዚህ ግድግዳ፣ አንዴ በዚያ ግድግዳ እያደረጉ እኔን እላዩ ላይ ያስተኙኛል። «ነፋሱ ይመጣብሻል?» ይሉኛል። «አይመጣብኝም» እላለሁ። «አንቺ አራስ አይደለሽም፣ ምን ታውቂያለሽ» ይላሉ፤ እንደገና ያዞሩታል።

መብራት የተመለሰው ዓቢይ ጾም እንደገባ ነው። ከተማው ሁሉ ጮኸ፤ ሴቶች እልል አሉ። በሳምንቱ የበልጉ ዝናብ ጀመረ። ሰናይትና ሙሉጌታ ሊጠይቁን መጡ፤ ከአውቶቡስ ወርደው በዝናብ እየሮጡ ደረሱ። የበረንዳው አምፖል በርቶ ነበር። ሙሉጌታ እንደለመደው እጁን ዘርግቶ መቃኑን ያዘ።

ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፤ «ህእ!» የሚል፣ የሰው የማይመስል። ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ ጭቃ ላይ ቁጭ አለ። እኔ ከትከት ብዬ ሳቅኩና «ረሳህ! በሩ ረሳህ!» አልኩት። ማንም አልሳቀም። ያኔ ነው ሰናይትን ያየኋት። አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋለች፤ ሌላኛው እጇ ወደ በሩ ተዘርግቶ፣ ሳይደርስ ቆሟል።

ሙሉጌታ ተነሣ። ሱሪውን እንኳ አላራገፈም።

«አባባ፣ ይሄ ነገር ሰው ይገድላል!»

«ማንን ገደለ?» አሉ አባባ። «ይኸው ስንት ዓመቱ፣ እስቲ ማንን ገደለ?»

«እሷ ብትሆንስ የነካችው?»

«ለእሷማ እነግራታለሁ፤ ሕጉን ታውቃለች፣ እዚሁ ነው ያደገችው።»

«አራስ ሴት በሩን በዱላ እየገፋች ነው የምትኖረው? አይሆንም አባባ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እዚህ አትወልድም። ደሴ፣ እናቴ ጋ ትሄዳለች።»

ሰናይት ሁለቱንም ታያለች፤ ማንንም አልደገፈችም። ልብሱ እንደደረቀ ተያይዘው ወደ ወልድያ ተመለሱ። አባባ የጓዳውን ክፍል ቆለፉትና ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት።

በማግስቱ ሥራ ጀመሩ። የመኪና ጎማ የውስጡን ላስቲክ በመቀስ ቆራርጠው የበሩን እጀታ ጠቀለሉበት፣ ደፉ ላይም አነጠፉ። «አለቀ» አሉ። ቤቱ አዲስ የተጠገነ መኪና መኪና ይሸት ጀመር። በሚቀጥለው ዝናብ ግን እማዬ የሱቁን ዕቃ ከበረንዳ ልታስገባ ስትሮጥ ላስቲኩ ያልደረሰበትን ቦታ በክንዷ ነካችው። የሳሙናው ካርቶን ተበተነ። እማዬ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብላ ክንዷን አቅፋ ስታለቅስ አየኋት።

ሌላ ሰው ቢነክስ ምንም አይመስለኝም ነበር። ግን እማዬን! በየቀኑ የምትጠርገውን፣ ቀለሙን ራሷ የቀባችውን! በሩ እብድ ሆኗል አልኩ። እኔንም አያውቀኝም ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጓሮ በኩል በመስኮት ነው የምገባው።

እማዬ ለአባባ ምንም አላለቻቸውም። ሱቁን ዘግታ ወልድያ ሄደች፤ ስትመለስ መዲናን ይዛ መጣች።

መዲና ወልድያ ቴክኒክ የኤሌክትሪክ ሥራ ተምራ የጨረሰች ልጅ ናት። ሰማያዊ ቱታ ለብሳለች፤ ሻሿን ወደ ኋላ አጥብቃ አስራለች፤ ትከሻዋ ላይ ፒንሳና ካቻቢቴ የሚንኳኳበት ቦርሳ አለ። አባባ ከበረንዳው በርጩማ ሳይነሡ አዩአት።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የይማም። የሐራው።»

«ይማም ባለ መኪናው?»

«ኧረ አባቴስ የሚነዳው ግመል ነው።»

«ታዲያ ግመል መብራት የለው፤ አንቺ ከየት ተማርሽው?»

«እሱ ነው እኮ ያናደደኝ አባባ። በጨለማ እየመጣ ሰው ይረግጣል።»

አባባ እንዳይስቁ ፂማቸውን ያዙ። «በይ እዪው» አሉ። «ግን አትንኪ፣ ማየት ብቻ።»

በመሰላል ወጥታ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ የተወጠረበትን ኮርኒስ በጥግ በኩል ፈታ ገባች። ባትሪዋ ከላይ ወዲያና ወዲህ ሲል ከታች ይታየናል። ቀጥሎ ድምጿ መጣ።

«አባባ! ሁለተኛው ሽቦ የት ነው?»

«የምን ሁለተኛ?»

«የመመለሻው!»

«ምን ያደርግልሻል? ቆርቆሮው አለ አይደል እንዴ!»

ከዚያ ከጣሪያው ሥር ሳቅ ተሰማ፤ አቧራ በላያችን ላይ ረገፈ። መዲና ቅንድቧ ሁሉ ነጭ ሆኖ ወረደች።

ያኔ አልገባኝም፤ በኋላ ግን ራሷ አስረድታኛለች። መኪና ላይ ለአንድ መብራት አንድ ሽቦ ይበቃል። ኤሌክትሪኩ በሽቦው ይሄድና በመኪናው ብረት ይመለሳል። ብረቱን ሾፌሮች ማሳ ይሉታል። አባባም ቤቱን እንደ መኪና ነው የሠሩት። ለእያንዳንዱ አምፖል አንድ ሽቦ፤ መመለሻው የጣሪያው ቆርቆሮ። ቆርቆሮውን ከቆጣሪው ጋር የሚያገናኝ አንድ ማሰሪያ ነበረ፤ እሱ ዝጎ ላልቷል። የበሩ ብረት ደግሞ ከቆርቆሮው ጋር ይነካካል።

መዲና ከአባባ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«አባባ፣ መኪና ላይ ማሳ ሲላላ ምን ይሆናል?»

ይህን ጥያቄ ወደዱት። «መብራቱ ይደክማል። ፍሬን ስትረግጪ ፍሬቻው ይበራል። ኤሌክትሪክ መመለሻ ሲያጣ ዝም አይልም፤ ባገኘው በኩል ይመለሳል።»

«እዚህ ቤት ሲላላስ በምን በኩል ይመለስ?»

አባባ በርጩማው ላይ ዞሩ። በሩን አዩት። እማዬን አዩአት፤ ክንዷን አሁንም ታሻሸዋለች። ከዚያ የተቆለፈውን የጓዳ ክፍል አዩ።

«በሰው» አሉ።

«በሰው» አለች መዲና፣ ቀስ ብላ።

«የመኪና ባትሪ ኤሌክትሪክ እኮ ሰው አይነካም። እኔ የለመድኩት እሱን ነው።» እጃቸውን እያዩ ነው የሚናገሩት። ከዚያ ተነሡ። «ይነቀል። ግን እኔ ነኝ የምነቅለው። እኔ ያስገባሁትን ሌላ ሰው አይነቅለውም።»

ነቀሉትም። መዲና ከቆጣሪው አጠፋችላቸውና አባባ በፒንሳ ምስማሮቹን አንድ በአንድ እየሳቡ፣ ቀዩን፣ ቢጫውን፣ አረንጓዴውን ከግድግዳው አላቀቁት። ሽቦው የነበረበት ቦታ ቀለሙ ሳይደበዝዝ ቀርቶ ግድግዳው ላይ መስመር ሆኖ ታየ። ናስትሮው ሲፈታ ውስጡ ከስሏል፤ አንዳንዱ ላስቲክ በእጅ ሲነካ እንደ ደረቀ ቅርፊት ይሰበራል። ያን ጊዜ ነው ያ ሽታ ቤቱን የሞላው። ኮርኒሱም ወረደ። የአይጥ ጎጆ፣ የወፍ ላባ፣ የአንድ እግር ካልሲ፣ ሦስት ማንኪያ ወደቀ። እማዬ ማንኪያዎቹን አንሥታ «ሠራተኛዋን እኮ ነው የጠረጠርኳት» አለችና ራሷን ያዘች።

ያን ዓመት ረመዳንና ዓቢይ ጾም ገጥመው ነበር። እኛ እንጾማለን፤ መዲና ውሃም አትጠጣም፤ በዚያ የመርሳ ሙቀት ቆርቆሮ ሥር ሆና ላቧ ይንጠባጠባል። እማዬ «ኧረ ትንሽ ተቀመጪ፣ ትወድቂያለሽ» ስትላት «አብሽሪ» ትላለች። «በዚህ ቤት ጾም የማይዘው በሩ ብቻ ነው። እሱን ላስይዘው፣ ከዚያ እቀመጣለሁ።» ይቺን ቀልድ አባባ ሰምተው ለሐጂ ሰይድ ነገሩ፤ ሐጂ ሰይድ ለመስጊድ ሰው ነገሩ፤ በሳምንቱ ገበያ ውስጥ ሰምቻታለሁ። ፀሐይ ስትገባ እማዬ ተምርና ሾርባ ይዛ መሰላሉ ሥር ትቆማለች፤ መዲና ሳትወርድ ተምሯን ትጎርሳለች።

አዲሱ ሽቦ በነጭ ቱቦ ውስጥ ነው የሚሄደው። እኔ ጥቅልሉን እይዛለሁ፣ እሷ ትስባለች። ቡናማው የሚሄድ፣ ሰማያዊው የሚመለስ፣ ቢጫና አረንጓዴው የመሬት። የመሬት ስትለኝ ለመሬት የሚሰጥ ስጦታ መሰለኝ። አባባ ከጓሮ በኩል ጉድጓድ ቆፈሩ፤ ብረት ተቀበረበት፣ ከሰልና ጨው ተጨመረበት። «ጨው ለምን?» አልኩ። «መሬት አልጫ አትወድም» አለችኝ መዲና፣ ሳትስቅ። አመንኳት። ማታ ከእማዬ ጓዳ አንድ እፍኝ በርበሬ ሰርቄ ጨመርኩበት። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፤ ይኸው አሁን ታነበዋለች።

ሥራው ሲያልቅ እማዬ ለሙሉጌታ ደወለች። አባባ አጠገቧ ቆመው ሌላ ነገር የሚያስቡ ይመስላሉ፤ ጆሯቸው ግን ስልኩ ላይ ነው።

«ባለሙያ ነው የሠራው» አለች እማዬ። «ሙሉ በሙሉ።»

«አባባ ሳይነኩት?» አለ ሙሉጌታ፤ ድምፁ ውጭ ድረስ ይሰማል። «እሳቸው ያልነኩት ነገር አለ? አላምንም። በእሷ ነፍስ አልጫወትም፤ ፋሲካን ውለን ደሴ እንሄዳለን።»

ሰሙነ ሕማማት ገብቷል። ሰናይት የመውለጃ ወሯ ነው። አባባ ቀኑን ሙሉ አልጋቸው ላይ የጓዳውን ቁልፍ ይዘው ተቀመጡ። ወደ ማምሻው ላይ ሐጂ ሰይድ መጡ፤ አባባ ነገሩን ሁሉ አወጡላቸው።

«ራስህ ሂድና ንገረዋ!» አሉ ሐጂ።

«የሴት አባት አማቹን ሊለምን ይሄዳል? የት አይተሃል?»

«እንግዲያው ሽማግሌ ላክ።»

«ሽማግሌ የሚልከው ወንዱ ነው እኮ፣ ሰይዶ!»

«ልጅ ሲጠየቅ ነዋ። አንተም ልጅ እየጠየቅህ ነው።»

ይህ ክርክር በሐጂ አሸናፊነት ሲያልቅ ያየሁት የመጀመሪያው ነው። ችግሩ ሽማግሌ ማግኘቱ ነበር። ቄሱ በሕማማት ከቤተ ክርስቲያን አይወጡም። ሐጂ በጣታቸው ቆጠሩ። «አንድ እኔ። ሁለት፣ የሠራችው ልጅ፤ ምስክርም ናት።» ከዚያ እኔን አዩኝ። የላይኛው ጥርሴ በቅርብ ነው የወለቀው። «ሦስተኛዋ ይቺ ናት። ድዷን እዩት፤ ከኔ ትበልጣለች።»

በማግስቱ የእሑድ ቀሚሴን ለብሼ በሚኒባስ ሄድን። ሐጂ ጋቢና፣ እኔና መዲና ከኋላ። ስሪንቃን ስናልፍ መዲና «ሽማግሌ፣ ምን ትያለሽ?» አለችኝ። «እሺ በል እለዋለሁ» አልኳት። «ይበቃል» አለችኝ።

ሙሉጌታ በሩን ሲከፍት ሐጂ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ መዲና ቦርሳዋን ይዛ፣ እኔ መሀል ቆመናል። ምን እንደሆንን ወዲያው ገባው፤ ሊስቅ ብሎ ተወው።

«ግቡ፣ ግቡ። አረፍ በሉ ሐጂ።»

«አናርፍም። የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም።»

«እሺ፣ ምን ነበር?»

«የአቶ ሞላን ልጅ ልንጠይቅ ነው የመጣን።»

«ሐጂ፣ እኔ እኮ ነኝ ያገባኋት!»

«እናውቃለን፤ ድንኳኑን የተከልነው እኛ ነን። አሁን ለአራስነቷ ነው የምንጠይቅህ። አባቷ ቤቱን አፍርሰው ሠርተዋል።»

ሙሉጌታ ወደ መዲና ዞረ። «እውነቱን ንገሪኝ። እሳቸው የቱን ነኩት?»

«የድሮውን የነቀሉት እሳቸው ናቸው። አዲሱን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። የመሬቱን ጉድጓድ ቆፍረዋል።»

«እንዴት እሺ አሉሽ? እኔ ስነግራቸው ማንን ገደለ ነበር ያሉኝ።»

«ኤሌክትሪኩ መመለሻ ሲያጣ በምን ይመለሳል አልኳቸው። በሰው አሉኝ።»

«አባባ? በአፋቸው?»

«ወላሂ፣ በአፋቸው።»

ሙሉጌታ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እሱ ሲቀመጥ እኔም ልቀመጥ ስል ሐጂ በከዘራቸው ቀሚሴን ያዙኝ። «እሺ አላለም» አሉኝ። ቆምን። እግሬ ደከመ። «እሺ በል» አልኩት፤ የኔ ንግግር ያቺ ብቻ ናት።

በዚህ መሀል ሰናይት ከውስጥ ወጣች፤ በአንድ እጇ ሻንጣ፣ በሌላው ጫማዋን ይዛለች። ጫማው እግሯ አልገባ ብሎ ነው። «እናንተ ወጋችሁን ጨርሱ» አለች። «የኔ እግር አብጧል፤ ሚኒባስ ውስጥ እጠብቃችኋለሁ።»

ሙሉጌታ ብድግ ብሎ ሻንጣውን ተቀበላት። «እሺ» አለ። ሐጂም ለወጉ ያህል አንዴ ተቀምጠው ተነሡ።

መርሳ ስንደርስ እየመሸ ነው፤ ያካፋል፤ ከተማው በሙሉ መብራት የለውም። አባባ ኮታቸውን ለብሰው በራፉ ላይ ቆመዋል። ሰናይትን አቅፈው ሳሟት፤ ሙሉጌታን ትከሻ ለትከሻ ሰላም አሉት። ከዚያ በሩ መሀል ገብተው ቆሙ።

«አባባ፣ ደክሞኛል፣ ልግባ» አለች ሰናይት።

«ቆይ። መብራት የለም።»

«ሻማ የለም እንዴ?»

«ሻማ ምን ያደርግልኛል? መብራት ጠፍቶማ ይሄ በር ድሮም ነክሶ አያውቅም። ይምጣ።»

በርጩማ ወጣላት። አባባ ጫማቸውን አወለቁ። ባዶ እግራቸውን እርጥቡ መሬት ላይ አድርገው መቃኑን በመዳፋቸው ያዙ። የመግሪብ አዛን ተሰማ፤ ሐጂ ከኪሳቸው ተምር አውጥተው ለመዲና አካፈሏት። መዲና እያላመጠች «አባባ፣ በቴስተር አይቼዋለሁ እኮ!» አለች።

«ቴስተርሽ አማች የለውም።»

ቆምን። ውሃ ከቆርቆሮው ጫፍ በአባባ ክርን ላይ ይንጠባጠባል። ሙሉጌታ ሻንጣውን አስቀመጠ። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈታ። ካልሲውንም አወለቀ፣ ጭቃውን ረግጦ መጣ፣ ከአባባ እጅ በታች መቃኑን ያዘ። እኔ ስለ ማሳና ስለ ሽቦው ሁሉ ተነግሮኛል፤ ቢሆንም በልቤ ለበሩ «እነሱ ናቸው» አልኩት።

ከታችኛው ሰፈር የልጆች ጩኸት ተነሣ፤ «መጣ! መጣ!» የበረንዳው አምፖል ቦግ አለ። ማንም አምፖሉን አላየም። ሁላችንም ያየነው ሁለቱን እጆች ነው።

«እ?» አለች ሰናይት።

«ቀዝቃዛ ብረት» አሉ አባባ።

ሙሉጌታም በራሱ «አዎ» አለ።

«እንግዲህ ግቢ፣ ልጄ።»

ሰናይት ልትነሣ ሞከረች፤ አልቻለችም። «ታዲያ አንሡኝ እንጂ!» አለች። ሁለቱም ክንዷን ሊይዙ በሩን ለቀቁት።